እምብርቱ ላይ የታሰረች ጊደር

ከመካከላችን አንዷ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ›› ልንላት የሄድን ቀን ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣችና ‹‹የልጄ ሙዚየም›› አለችን። ሙዚየሙ ውስጥ ሆስፒታል እጁ ላይ የታሰረችው ላስቲክ፣ የመጀመሪያዋ ካልሲ (አንድ እግሯ ብቻ፤ ሌላዋ የት እንደገባች አይታወቅም) እና በተወለደበት ቀን የወጣ ጋዜጣ አሉ። ጋዜጣውን ገለጥነው። የጨረታ ማስታወቂያ ይበዛዋል። ልጁ ሲያድግ ምኑን እንደሚያነብ ፈጣሪ ይወቅ።

መቼም እኛ ሐሳብ መስጠት አይቸግረንም። አንዱ የወርቅ ቀለበት አለ፤ ሌላዋ በየልደቱ ደብዳቤ ይጻፍለት አለች፤ ሌላው ደግሞ ባንክ የልጆች የቁጠባ ሒሳብ ክፈቱለት ብሎ ስለ ወለድ ሊያስረዳን ተነሣ። አያትየው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ብዙም አይናገሩም። ክርክሩ ሲረዝምባቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና ‹‹ነገሌ ቦረና ቢወለድ ኖሮ ይኼን ጊዜ ጊደር ነበረችው›› አሉ።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ይኼ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች ዐረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦሮምኛ ‹‹ሀንዱራ›› ማለት እምብርት ማለት ነው። ቦረናዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ሲወለድና ስም ሲወጣለት አባቱ ከመንጋው ጊደር ይሰጠዋል፤ ያቺም ስጦታ ሀንዱራ ትባላለች። ልማዱ በሌሎችም የኦሮሞ አካባቢዎች አለ። የቦረናውን ለየት የሚያደርገው ኑሮው ራሱ ከብት መሆኑ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ልጁ ገና ጡት የሚጠባ ነው፣ ስሙን እንኳ አያውቅም፤ ነገር ግን በረት ውስጥ የእሱ የምትባል አንዲት ነፍስ ያላት ንብረት ቆማለች። እምብርቱ ከእናቱ የተቆረጠ ዕለት ሌላ እምብርት ተቀጠለለት ማለት ነው፤ ይኼኛው ከመንጋው ጋር የሚያገናኘው።

ጊደሯ ከአባቱ መንጋ ተለይታ አትወጣም። አብራ ትሰማራለች፣ አብራ ውኃ ትጠጣለች፣ ስትወልድ ወተቷን የምታልበው የቤቱ እመቤት ናት። ከእሷ የሚወለደው ግን የልጁ ነው ተብሎ ይቆጠራል። የቦረና ጊደር በዚያ በረሃ ኑሮ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥሩ ዝናብ ካለ በዓመት ከመንፈቅ አካባቢ አንድ ትጥላለች። ሴት ጥጆቿም በተራቸው ይወልዳሉ። ልጁ ጥጃ ጠባቂ ሆኖ ሲጀምር የሚጠብቀው የራሱን ጥጆች ጭምር ነው። ባንክ ሒሳብ ይከፈት ያለው ጓደኛችን ይኼን ሲሰማ ‹‹ይኼማ ወለድ ነው!›› ብሎ ጮኸ። ወለድ የሚለው ቃል ከየት የመጣ መሰለህ ታዲያ?

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ይጠልቃል። በቦረና ሥርዓት አባት ሲሞት መንጋውን በአብዛኛው የሚወርሰው የበኩር ልጁ፣ አንገፋው ነው። ታናናሾቹስ? ታናናሾቹ በአባታቸው ዕድሜ በተሰጧቸው ከብቶች ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ሀንዱራ ለታናሽ ልጅ የማስታወሻ ዕቃ ብቻ አይደለችም። ሲያገባ ቤት የሚመሠርትባት፣ ጎጆ ሲወጣ እየነዳት የሚወጣ፣ ‹‹የማንም ጥገኛ አይደለሁም›› የሚልባት ናት። አባት ለልጁ ጊደር ሲመርጥ ከእናቷ ወተት ጀምሮ ዘሯን አስልቶ ነው። እኛ ካልሲ ስናስቀምጥ እንዲህ አስበን እናውቃለን?

ለበኩሩ ወንድ ልጅ የሚደረገው የስም ማውጫ በዓል ‹‹ጉቢሳ›› ይባላል። ጎረቤትና ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱን ሲዘፈንና ሲመረቅ ያድራል። ስሙ የአያት ሊሆን ይችላል፤ የተወለደበት ሰዓት ወይም ወቅት ሊሆን ይችላል። ጉዮ ከቀን፣ ሀልከኖ ከሌሊት፣ ሮባ ከዝናብ ጋር ይገናኛል። ስሙ ራሱ የልደት ወረቀት ነው።

ለሴት ልጅስ? ይኼን ጥያቄ ሳናነሣ ብናልፍ ራሳችንን እንታዘባለን። ሴት ልጅ በልማዱ መንጋ አትወርስም። የእሷ ድርሻ የወተት ዕቃ ነው። የቦረና ሴቶች ከሥርና ከቃጫ የሚሠሯቸው የወተት ዕቃዎች በአገራችን ካሉት የእጅ ሥራዎች ሁሉ ጥብቅ ከሆኑት መካከል ናቸው፤ ወተት ይያዝባቸዋል፣ ጠብታ አያፈሱም። በጢስ ታጥነው ወተቱን ከመበላሸት ያቆዩታል። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዕቃውም፣ አሠራሩም፣ የጢሱ ሽታም ነው። ቆንጆ ነገር ነው፤ አንክድም። ግን ዕቃው አይወልድም። ወንድሟ የሚወልድ ነገር ተሰጥቶት እሷ የሚይዝ ነገር የምትሰጥበትን ሥርዓት ‹‹ባህላችን›› ብለን ዝም ብለን እንድናጨበጭብለት አትጠብቁን። ደግሞም ወንድምየው ከብቱን ቢያረባ የሚያልበው ማን ሆነና!

ወደ ነገሌ እንመለስ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት አልፎ ከደጋው ጫካ ወደ ቆላው ግራር የሚወርደው መንገድ ነው የሚያደርሰው። አገሩ ሊበን ይባላል። ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ምዕራብ፣ ድሬ ነው፤ ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋና ሞያሌ በዚያ በኩል ናቸው። ቦረናዎች ‹‹ቱላ ሰልገን›› የሚሏቸው ዘጠኙ ታላላቅ የጉድጓድ ውኃ ሥፍራዎችም እዚያው ናቸው። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ከመሆናቸው የተነሣ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ ነው ውኃውን የሚያወጡት፤ እየተቀባበሉ ስለሚዘፍኑ ፈረንጆቹ ‹‹ዘፋኞቹ ጉድጓዶች›› ይሏቸዋል። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወስን ‹‹አባ ሄሬጋ›› የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። በበጋ ከብት በየሦስት ቀኑ ሊጠጣ ይችላል፤ ተራ ግን ተራ ነው። ይቺን ነገር ያዙልን፤ ኋላ ትመጣለች።

ቦረና ራሱን የሚያስታውሰው በምንድን ነው ቢባል በዕቃ አይደለም፤ በስም ዝርዝር ነው። ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያስረክባል፤ እያንዳንዱ ስምንት ዓመትም በአባ ገዳው ስም ይጠራል። አንድን የቦረና ሽማግሌ መቼ እንደተወለዱ ብትጠይቋቸው ዓመተ ምሕረት ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ ‹‹በጎባ ቡሌ ገዳ›› ወይም ‹‹በጂሎ አጋ ገዳ›› ይሏችኋል። በ2009 ዓ.ም ሥልጣን የያዙት 71ኛው አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ስምንት ዓመታቸውን ጨርሰው በ2017 ዓ.ም ለ72ኛው አባ ገዳ ጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። ሒሳቡን ሥሩት፤ 71 ጊዜ 8፣ 568 ዓመት። ያለ መዝገብ ቤት፣ ያለ ማኅተም፣ በቃል ብቻ! በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ቦረና ገብቶ ያጠናው ኤርትራዊው አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሰ ይህን ታሪክ ከሰሙ አዋቂዎች ቁጭ ብሎ እየሰማ ጻፈው፤ ከመምህሮቹ አንዱ አሬሮ ረመታ የሚባሉ የቃል ታሪክ ሊቅ ነበሩ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ1973 ወጣ። ገዳ በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ከብዙ ጊዜ በኋላ በኅዳር 2009 ዓ.ም ነው፤ ያውም ስብሰባው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር።

በገዳው ውስጥ ደግሞ ‹‹ደበሌ›› የሚባሉ ልጆች አሉ። በሥልጣን ላይ ያሉት የገዳ ሰዎች ትንንሽ ወንዶች ልጆች ናቸው። ጸጉራቸው አይላጭም፣ እንደ ሴት ልጅ ይረዝማል፤ እንደ ቅዱስ ነገር ይታያሉ፣ አይመቱም። ጊዜያቸው ሲያበቃ በሥነ ሥርዓት ይላጫሉ። እኛ የሕፃን ጸጉር ቆርጠን በፖስታ እናስቀምጣለን፤ እነሱ ስምንት ዓመት ልጁ ራሱ ላይ አስቀምጠውት ይኖራሉ። የማን ይሻላል የሚል ክርክር አንከፍትም።

እስካሁን የጻፍነው ነገር ሁሉ ደስ ይላል። አሁን ደስ ወደማይለው እንለፍ። ወርቅ አይሞትም፤ ደብዳቤም በምስጥ ካልተበላ አይሞትም። ጊደር ትሞታለች።

በ1880 ዓ.ም ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። (‹‹ደስታ›› ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ምን ነክቶት ነው እያልን ስንገረም፣ ክፉ ነገርን በበጎ ስም መጥራት የአበው ዘዴ መሆኑ ትዝ አለን።) በሰሜኑ በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፤ ‹‹ክፉ ቀን›› የምንለው ረሃብ ያ ነው። በሽታው ቦረናን አጥፍቶ፣ ወደ ኬንያ ወርዶ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በደረሰበት ሁሉ ከመቶ ከብት ሰማንያና ዘጠና እንደገደለ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ስንቱ የቦረና ልጅ ሀንዱራው በዐይኑ ፊት እንደወደቀች አስቡት። በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ በ2011 ነው።

ታዲያ መንጋው እንዴት ተመለሰ? ከመልሱ አንዱ ክፍል ‹‹ቡሳ ጎኖፋ›› ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሳው ይሄዳል፤ ጎሳውም ጉዳዩን መርምሮ ከየቤቱ አዋጥቶ የሚያቆመውን ያህል ከብት ይሰጠዋል። ምጽዋት አይደለም፤ መብቱ ነው፤ ነገ ደግሞ እሱ በተራው ያዋጣል። እንግዲህ ሀንዱራ የአባት ስጦታ ብትሆንም ዋስትናዋ አባትየው ብቻውን አይደለም፤ ጎሳው በሙሉ ከኋላዋ ቆሟል። የኦሮሚያ ክልልም ይህንኑ ስም ወስዶ ለመረዳጃ ተቋሙ ሰጥቶታል።

ግን ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ባዶ ሲሆን ከማን ይዋጣል? በ1975 እና በ1977 መካከል፣ እንደገናም በ1983 እና በ1985 መካከል በደረሱት ድርቆች በቦረና ከመቶ ከብት አርባ ያህሉ እንዳለቀ አጥኚዎች ጽፈዋል። ከዚያ ሁሉ የከፋው የቅርቡ ነው። ቦረና ሁለት ዝናብ አለው፤ ዋናው የጸደይ ዝናብ ‹‹ገና›› ይባላል (ከበዓላችን ጋር እንዳይምታታባችሁ)፤ ትንሹ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ‹‹ሀገያ›› ነው። ከ2013 መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም አምስት ዝናብ በተከታታይ ከሸፈ። በአገሪቱ ቆላማ ሥፍራዎች የሞተው ከብት በሚሊዮኖች ተቆጠረ። በዚያን ሰሞን የወጡትን ፎቶዎች ሁላችንም ስልካችን ላይ አይተናል፤ በመንገድ ዳር የተደረደረ የከብት አጥንት፣ ዱብሉቅ አካባቢ የተሰበሰቡ ተፈናቃዮች። አይተን አለፍን። ስለ ሀንዱራ አናውቅምና እያንዳንዱ ሬሳ የአንድ ልጅ የስም ማውጫ ስጦታ ሊሆን እንደሚችል ማን ነገረን?

ነገሌ በሄድን ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየጠጣን አንድ ሽማግሌ አነጋግረን ነበር። ‹‹አባባ፣ ሀንዱራዎን ያስታውሷታል?›› አልናቸው። በጥያቄያችን የተገረሙ መሰሉ፤ የገዛ እናታችሁን ታስታውሷታላችሁ ወይ እንደ ተባለ ሰው። ‹‹ዳለቲ›› አሉ። ዳለቲ ማለት ግራጫማ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ቀለም ያላት ናት። ከዚያ ልጇን፣ የልጅ ልጇን፣ የትኛዋ በየትኛው ድርቅ እንደሞተች፣ የትኛዋ ለልጃቸው ሰርግ እንደሄደች በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን። አሁን ከዚያ ዘር የቀረች አንዲት ላም የለችም። ቆጠራው ግን አልተሳሳተም። ሲጨርሱ ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር።

በሌላ በኩል ያው የቦረና ከብት ሌላ አገር በወረቀት ተመዝግቦ ይኖራል። የኬንያ ከብት አርቢዎች ዝርያውን ወስደው እያሻሻሉት እ.ኤ.አ በ1951 ማኅበር አቋቋሙለት፤ የእያንዳንዱ ኮርማ አባትና እናት በመዝገብ ይጻፋል። ከዚያም በቀዘቀዘ ሽል መልክ እስከ አውስትራሊያ ሄዷል፤ ደቡብ አፍሪካም ‹‹ቦራን›› እየተባለ ውድ ዋጋ ያወጣል። የነገሌው ሽማግሌ በጣታቸው የቆጠሩትን እነዚያ በመዝገብ ቆጥረውታል። የእነዚያ አልጠፋም። እንቅናባቸው ወይስ እናመስግናቸው፣ እስካሁን በመካከላችን አልተስማማንም።

አሁን ወደ አያትየው። እሳቸው ነገሌን የሚያውቁት በከብት አይደለም፤ በጦር ሠራዊት ነው። ነገሌ የ4ኛ ብርጌድ ሠፈር ነበረች። በትምህርት ቤት ‹‹የየካቲት አብዮት›› እያልን የተማርነው ነገር የመጀመሪያው ፍንጣሪ የተነሣው በዚያች ከተማ፣ በጥር 1966 ዓ.ም ነው። ምክንያቱም ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ምግብና ውኃ ነበር። የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ሲሉ ተከለከሉ። ወታደሮቹም አዛዦቻቸውን አሠሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ልከው ጉዳዩን እንዲያዩ ሲያደርጉ፣ ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ይዘው የእነሱን ምግብ አበሏቸው፣ የእነሱን ውኃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። ወሬው በሠራዊቱ የሬዲዮ መገናኛ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ በየካቲት ደብረ ዘይት አየር ኃይሉ፣ አሥመራ 2ኛ ክፍለ ጦሩ ተነሡ። መስከረም ላይ ዘውዱ ወረደ።

እንግዲህ ያዙልን ያልናችሁን አሁን አምጡ። በዚያው ቦረና ምድር አባ ሄሬጋ የሚሉት ሰው በየጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ የሀብታሙም የድሃውም ከብት በተራው እንዲጠጣ ያደርጋል። ዘመናዊ ነኝ ያለው የጦር ሰፈር ግን የሁለት ጉድጓድ ሕግ ነበረው። ያ ሕግ የሦስት ሺህ ዓመት የሚባል ዙፋን ለማፍረስ የመጀመሪያው ድንጋይ ሆነ።

አያትየው በዚያ ወር ነገሌ ነበሩ። ይህን ልጃቸው ራሷ የሰማችው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያውም ከእናቷ ነው። እሳቸው አንሥተውት አያውቁም። ከ1966 በኋላ የመጣው ዘመን ለብዙ ወታደር የሚወራ አልሆነም፤ ጓደኛ በጓደኛው ላይ የመሰከረበት፣ አንዱ ወደ ኦጋዴን ሌላው ወደ አሥመራ ሄዶ ያልተመለሰበት ዘመን ነው። ፎቶ የያዘ ያቃጠለበት ጊዜም ነበር። ለዚህ ነው የብዙዎቻችን ቤት አልበም ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገጹ የሳሳው። አባቶቻችን ምንም አላስቀመጡልንም እያልን ስናማርር፣ ማስቀመጥ ራሱ ያስፈራ እንደነበር እንረሳለን።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ካርቶኑ ቦታው ነበር፤ ጋዜጣው ግን ወጥቷል። በምትኩ አንድ ኮዳ ተቀምጧል፤ የወታደር የውኃ ኮዳ፣ አረንጓዴ ጨርቁ የነተበ፣ ክዳኑ በሰንሰለት የተንጠለጠለ። ‹‹አባዬ ነው ያመጣው›› አለችን። ስንት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ እንደኖረ አታውቅም፤ አይታው አታውቅም ነበርና።

‹‹ምን አለሽ ሲሰጥሽ?››

‹‹ምንም። ‹ጊደር ስለሌለኝ ነው› አለኝ።››

እሳቸው እዚያው ጥግ ላይ ናቸው፤ ሕፃኑን ታቅፈዋል። አንዳችን የስልካችንን መቅጃ ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። አያቸው፣ እኛን አዩን፣ ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩት።

‹‹መጀመሪያ ፓምፑ ነው የተበላሸው›› ብለው ጀመሩ።